ዳገቱን በእግር ስለወጡት ሦስት ተሳፋሪዎቼ

ለክቡር የነዳጅ ቁጠባ ዘመቻ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ይህች ደብዳቤ ከእጅዎ በምትደርስበት ሰዓት እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ ምክትልዎ፣ የምክትልዎም ምክትል በሙሉ ጤንነትና በተመቸ ወንበር ላይ እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን የታመመው በእርስዎ መልካም ፈቃድ ስለሆነ ብዙ አላማርርበትም።

ደብዳቤዬን በአደባባይ ማድረጌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። አስቀድሜ የጻፍኩት የታሸገ ደብዳቤ ነበር፤ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ «ሐሳብዎ ሀብታችን ነው» ተብሎ በተሰቀለው ሳጥን ውስጥ በክብር ጨመርኩት። ሀብትዎን የማያባክኑ ሰው መሆንዎን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ደብዳቤዬ እስከ ዛሬ ድረስ ማንም ሳይነካው እዚያው አለ፣ የፖስታው ጫፍ በሳጥኑ ቀዳዳ ብቅ ብሎ ይታያል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ አየዋለሁ። ሁለታችንም ሰው የምንጠብቅ ስለሆንን ተላምደናል።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመኪናዬ የፊት መስታወት ላይ የተነሳው አረንጓዴ ካርድ ይመለስልኝ። ካርዱ ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል፣ ይህን ደብዳቤ ግን ሌላም ሰው ያነበዋልና ላስረዳ። ዘመቻው ከተጀመረ ወዲህ ጠዋት ወደ መሐል ከተማ የሚገባ የቤት መኪና አራት ሰው መያዝ አለበት፤ አራት ሰው አሟልቶ ለተመዘገበ አረንጓዴ ካርድ ይለጠፍለታል፣ ያላሟላ ከመሐል ከተማው መግቢያ ድልድይ ላይ ፊቱን አዙሮ ይመለሳል። እኔ ካርዱ ነበረኝ፣ አሁን የለኝም። ከካርዱ ጋር ግን ሦስት ሰዎች አብረው ሄደውብኛል፤ እንቅልፍ የነሱኝ እነሱ ናቸው።

ዘመቻውን የምቃወም እንዳይመስልዎት። የሕንፃችን ነዋሪዎች በግቢው ተሰብስበን «ለቁጠባው መሥዋዕትነት ለመክፈል ዝግጁ የሆናችሁ እጃችሁን አውጡ» ስንባል መጀመሪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አውጥቼም የቆየሁት እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ስልካቸውን ለማየት ቶሎ አውርደውታል። ይህን ከግምት አስገብተው የሚከተሉትን አቤቱታዎች በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ። የሕንፃችን ሊፍት የሚሠራው በናፍጣ ጄኔሬተር ነውና በመመሪያዎ እንዲቆም ተደረገ። እኔ የምኖረው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ደግሞ ሊፍት መጠገን ነበር። የዚህን ከተማ ሰው ስንቱን ፎቅ አውጥቼ ካወረድኩ በኋላ፣ በስተርጅና ራሴን ተሸክሜ እንድወጣ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ፤ ባለሙያ የሙያውን ጥቅም በጉልበቱ ሊያውቀው ይገባል።

እውነቱን ለመናገር ግን ሊፍት ሰውን ከፎቅ ያደርሰዋል እንጂ ከሰው አያደርሰውም። አራት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይገባና አራቱም ከበሩ በላይ የሚበራውን ቁጥር ያያሉ፣ ቁጥር አይተው የማያውቁ ይመስል። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ እኔም ቁጥር ሳይ ነው የከረምኩት። ደረጃ ላይ ሲሆን ሰው ያለከልካል፤ የሚያለከልክ ሰው ደግሞ ኩራት የለውም። አንድ ቀን በአራተኛው ፎቅ መታጠፊያ ግድግዳ ተደግፌ ትንፋሼን ስፈልግ፣ አምስተኛ ፎቅ የምትኖረው ነርስ ዘንቢሏን አስቀምጣ «ጋሼ፣ አይዞዎት፤ እስቲ እዚህ ጋ ቁጭ እንበል፣ ማን ይቀድመናል?» አለችኝ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ «ጋሼ» ብሎ የጠራኝ ሰው ከጠፋ ቆይቶ ስለነበር፣ ከኋላዬ ሌላ ሽማግሌ ይኖር እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ። ስለዚህ ይህ የመጀመሪያው አቤቱታ በጉልበቴ ስም ብቻ ይመዝገብልኝ፤ እኔ የለሁበትም።

ሁለተኛ። በየግንቡ ባስለጠፉት ማስታወቂያ ላይ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው ጽፈዋል። እጅግ ያምራል። ሎሚዎቹ እኔ ቤት ድረስ በደህና መጥተዋል፤ አርባ ዘጠኙ ሰዎች ግን የት እንደሚገኙ ከማስታወቂያው ሥር አድራሻ አልነበረም።

እኔ ጠዋት ጠዋት ወደ መሐል ከተማ የምነዳው ጋዜጣ ለመግዛት ነበር። ጋዜጣው ከሕንፃችን ሥር ባለው ሱቅም ይሸጣል። ይህን የምነግርዎት መመሪያዎ ዒላማውን እንዳልሳተ እንዲያውቁት ነው። ሰው ከቤቱ የሚወጣበት ጉዳይ ሲያልቅበት ቤንዚን ጉዳይ ይሆነዋል። በከተማው ውስጥ መንገድ ሲዘጋጋ ደስ የሚለው ሹፌር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ከጎኔ ከቆመው መኪና ውስጥ ካለው ሰው ጋር ዓይን ለዓይን የምንተያይበት ጊዜ ይረዝምልኛላ።

መመሪያው በወጣ ማግሥት እንደ ልማዴ ድልድዩ ደረስኩ። ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ የባለቤቴ ካፖርት ነበር። ለማታለል አይደለም ክቡር ሆይ፤ ካፖርቱ ዱሮም እዚያ ነው የሚቀመጠው፣ ፍሬን ስይዝ እንዳይወድቅም ቀበቶ አስርለታለሁ። የድልድዩ ተቆጣጣሪ በመስኮቱ አጎንብሶ ቆጠረና «አባት፣ እርስዎ አንድ ሰው ነዎት፤ ካፖርት ሰው አይደለም» አለኝ። ቢያንስ ግማሽ ሰው ተብሎ ይታሰብልኝ ብዬ ተከራከርኩ። ከኋላዬ ክላክስ ሲበዛ መኪናዬን አዙሬ ተመለስኩ። ባለቤቴ ካረፈች ጀምሮ ዘመድም ጎረቤትም ደፍሮ ያልነገረኝን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ስላስነገሩኝ ምስጋናዬ ይድረስዎት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሰው ፍለጋ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዋ ነርሷ ሆነች። እሷ ደግሞ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩትን የሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ አመጣችልኝ፤ ወፍራምና ደግ ሰው ናቸው፣ መኪናው ቆሞ እንኳ «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ» ስለሚሉኝ ስማቸው «ቀስ ይበሉ» ሆኖ ቀረ። ሦስተኛዋ አራተኛ ፎቅ ያሉት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናቸው፤ ገብተው እስኪወርዱ ትንፍሽ ስለማይሉ ነርሷ «እትዬ ዝምታ» አለቻቸው፣ እሳቸውም ፈገግ ብለው ስሙን ተቀበሉ። ካፖርቱን ወደ ቤት አስገብቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀልኩት። አረንጓዴው ካርድ ሊለጠፍልኝ ሲል መስታወቱን በእጅጌዬ ደጋግሜ ወለወልኩት፤ የለጣፊው ሠራተኛ «ይበቃል አባት፣ ሠርግ አይደለም» ብሎኛል።

ሦስተኛ። ይህ ዳገቱን የሚመለከት ሲሆን፣ ከሳሽም ተከሳሽም እኔው ነኝ።

ከሕንፃችን እስከ ድልድዩ ባለው መንገድ መካከል ረጅም ዳገት አለ። ከዳገቱ ሥር «ክብደት ነዳጅ ይበላል! አላስፈላጊ ጭነት ያውርዱ!» የሚል ትልቅ ሰሌዳ አቁመዋል። ቀስ ይበሉ ሰሌዳውን አነበቡና ሆዳቸውን አዩት። ቀጥለውም «ጋሼ፣ አላስፈላጊው ጭነት እኔ ነኝ፤ ያውርዱኝና አናቱ ላይ ይጠብቁኝ» አሉ። እሳቸው ሲወርዱ ነርሷ እኔስ ምን ቆርጦኝ እቀመጣለሁ ብላ ወረደች፤ እትዬ ዝምታም ቦርሳቸውን ወንበሩ ላይ ትተው ተከተሉ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ሰዎቼን ጥዬ አናቱ ላይ ብቻዬን መጠበቅ አልሆነልኝም። በአንደኛ ማርሽ፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ፣ በእግራቸው ልክ እየተንፏቀቅሁ አብሬያቸው ወጣሁ።

ይህ በየጠዋቱ ልማድ ሆነ። ነርሷ በአንዱ ጎን፣ ቀስ ይበሉ በሌላው ጎን እጃቸውን በመስኮቱ ላይ ጣል አድርገው፣ እትዬ ዝምታ ከፊት ከፊት፤ እኔ መሪዬን ይዤ በመካከል። ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ሁሉ የሚሰድበንን ስድብ ለቁጠባው ስንል በጸጋ እንቀበል ነበር። ቀስ ይበሉ እያለከለኩ ስለ ደንበኞቻቸው ያጫውቱናል፤ አንድ ሽማግሌ አዲሱን ጥርስ እንዳስገቡ በቀጥታ የተኳረፉት ወንድማቸው ደጃፍ ሄደው፣ በሙሉ አፋቸው ስቀውበት ምንም ሳይናገሩ እንደተመለሱ የሰማነው እዚያ ነው። እትዬ ዝምታም አንደበታቸው የተፈታው ዳገቱ ላይ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ «እባካችሁ ጸጥታ» ሲሉ ኖረው፣ ቤታቸው ሲገቡ ጸጥታው ቀድሟቸው ገብቶ እንደሚጠብቃቸው፣ አንዳንዴም ለገዛ በራቸው «እባክህ ትንሽ ተንቋቋ» ማለት እንደሚያምራቸው ነገሩን። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው! ቀስ ይበሉ ራሳቸው «እትዬ፣ ቀስ ይበሉ» እስከማለት ደረሱ።

ማታ ከየሥራቸው ሰብስቤያቸው ስንመለስ ደግሞ ጨዋታው ሳያልቅ ሕንፃው ይደርስብናል። ጨዋታ ከሰው አፍ አይነጠቅምና ከከተማው ዳር ባሉት ፋብሪካዎች በኩል ዞረን እንመጣለን። ይህን ማንም አላዘዘንም፤ ማንም «ዙር» ብሎኝ አያውቅም፣ ማንም ለምን ዞርክ ብሎኝም አያውቅም።

አራተኛ። ይህ በየትኛውም መለኪያዎ ያልተለካ ጉዳይ ነው። እኔ ማታ ማታ የላምባ ምድጃዬን እለኩስ ነበር። የምጥደው ነገር ኖሮኝ አይደለም፤ ምድጃው ሲነድ የሚያሰማው ድምፅ ቤት ውስጥ ሰው ያለ ስለሚያስመስል ነው። ይህን የማደርገው እኔ ብቻ መስሎኝ አፍር ነበር። በኋላ ስንጨዋወት ነርሷ ብርድ በሌለበት ማሞቂያ እንደምትለኩስ፣ ቀስ ይበሉ አንድ ኩባያ ሻይ ለመጠጣት ሙሉ ማንቆርቆሪያ እንደሚጥዱ፣ እትዬ ዝምታም መብራቱን ሁሉ አብርተው እንደሚተኙ ሰማሁ። አብረን መጓዝ ከጀመርን በኋላ ያልተጨረሰውን ጨዋታ ይዘን አንዳችን ቤት መግባት ጀመርን፤ ያን ጊዜ አራት ምድጃ ጠፍቶ አንድ በራ።

ለአራት ሰው ሻይ የሚያፈላው እሳት ለአንድ ሰው ከሚያፈላው እሳት እምብዛም አይበልጥም ክቡር ሆይ። ብቸኝነት ነዳጅ ይበላል። እንደ ከባድ መኪና ይበላል። ይህን በየትኛው ሰሌዳዎ ላይ እንደጻፉት ብፈልግ አላገኘሁትም።

አምስተኛ። ካርድ ያላቸው መኪናዎች የሚያቃጥሉትን ነዳጅ እንዲለካ የላኩልን መሐንዲስ ጨዋ ልጅ ነው፤ ወላጆቹን ያመስግኑልኝ። መለኪያውን ከሞተሩ ጋር አያይዞ ከኋላ ወንበር በመካከል ተጣቦ አብሮን ሄደ። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ሦስቱ እንደ ልማዳቸው ሲወርዱ፣ መኪናው የተበላሸ መስሎት እሱም ወርዶ ሊገፋ እጅጌውን ሰበሰበ። ነገሩ ሲገባው መለኪያውን አየ፣ እኛን አየ፣ መልሶ መለኪያውን አየ። ከዚያም በጣም በሚያሳዝን ድምፅ፣ መኪና በአንደኛ ማርሽ በሰው እርምጃ ሲንፏቀቅ ሰዎቹን ጭኖ ቶሎ ከሚወጣው ይልቅ እጅግ አብዝቶ እንደሚያቃጥል አስረዳን። በፋብሪካዎቹ በኩል የምንዞረውን ሲሰማም፣ አራታችን በየግላችን ብንሄድ ለቁጠባው ይሻል እንደነበር ጨመረ። ቀስ ይበሉ እንደገና ሆዳቸውን አዩት።

ልጁ ልክ ነው፤ አልከራከርም። ዕድሜዬን ከሞተር ጋር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ትንሽ ባስብበት አይጠፋኝም ነበር። አላሰብኩበትም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ካርዴ በምላጭ ተልጦ ተነሳ። ሦስቱ ሰዎቼም በጽሕፈት ቤትዎ አሳቢነት፣ መንገዳቸው ወደሚቀርብና ነዳጅ ወደሚቆጥብ መኪና በየፊናቸው ተመደቡ። ነርሷ ለአንድ ፋርማሲስት፣ ቀስ ይበሉ ለሁለት ወንድማማች ነጋዴዎች፣ እትዬ ዝምታ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ለሚነዳ ወጣት ደረሱ። እንደሰማሁት እትዬ እንደገና ዝም ብለዋል። ለእኔ ምንም መኪና አልተመደበልኝም፤ ወደ መሐል ከተማ የምሄድበትን ምክንያት ስጠየቅ «ጋዜጣ» በማለቴ ነው። ውሸት አለመልመዴ ጎዳኝ።

ይባስ ብሎ ዘመቻው ተሳካ። ከተቆጠበው ነዳጅ ላይ ለመኖሪያ ሕንፃዎች ድርሻ ተሰጠና ሊፍታችን ተከፈተ፤ ሁላችንም አጨበጨብን፣ እኔ እንደ ባለሙያ ከሁሉ አብልጬ አጨበጨብኩ። በማግሥቱ ደረጃው ላይ ሰው አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ከነርሷና ከእትዬ ዝምታ ጋር ሊፍት ውስጥ ተገናኘን። ነርሷ «ጋሼ፣ ጠፉ እኮ!» አለችኝ። «አለሁ» አልኳት። ቀጥሎ ምን እንደሚባል ሳስብ እትዬ ዝምታ በአራተኛው ወረዱ፣ ነርሷ በአምስተኛው ወረደች። እስከዚያው ሦስታችንም ቁጥሩን ስናይ ነበር።

በራቸውን ለምን አታንኳኳም ይሉኝ ይሆናል። እኛ ቤት ለቤት የምንገባው ጨዋታው ተንጠልጥሎ ስለሚቀር ነበር፤ የተንጠለጠለ ጨዋታ ከሌለ የሰው በር ምን ተብሎ ይንኳኳል? አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወርጄ የነርሷ በር ላይ እጄን አንስቻለሁ። ሰበብ ስላጣሁ ያነሳሁትን እጄን ይዤ ተመለስኩ፤ ያን ዕለት ምድጃዬን ለኮስኩ።

እንግዲህ ፍርድ የእርስዎ ነው። ካርዴን ቢመልሱልኝ አንደኛ ማርሽ የሚባል ነገር እንደሌለ እቆጥራለሁ፤ በሁለተኛና በሦስተኛ እየቀያየርኩ፣ ማንንም ሳላወርድ ዳገቱን በወጉ እወጣለሁ፣ በፋብሪካዎቹም በኩል አልዞርም። መኪናዬ አርጅታለች ካሉም እዚሁ ትቁም፣ እኔን ከሦስቱ አንዳቸው ባሉበት መኪና ላይ ትርፍ ሰው አድርገው ይመድቡኝ፤ ብዙ አልከብድም። ይህም ካልተቻለ ሊፍቱን መልሰው ያቁሙልን፤ ጉልበቴን እኔ እችለዋለሁ። ሊፍት ጠጋኝ ስለሆንኩ ራሴ ባበላሸው ይቀለኝ ነበር፤ ሙያዬን አክብሬ እርስዎን መለመኑን መረጥኩ።

ዘመንዎ የተባረከ፣ ታንከርዎ የሞላ፣ የአስተያየት ሳጥንዎም እንደተቆለፈ የሚኖር ይሁን እያልኩ፣ ከሦስት ባዶ ወንበሮች ጋር በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

በስብሰባው ላይ እጁን መጀመሪያ ያወጣው፣
የስድስተኛ ፎቁ ጡረተኛ ሊፍት ጠጋኝ

ሳልጽፍ የቀረሁት፦ አሁን ጠዋት ጠዋት በእግሬ እስከ ድልድዩ ድረስ እሄዳለሁ፤ ነዳጅ አልነካሁም። ጥቁሩ መኪናዎ በዚያ ሲያልፍ አየዋለሁ። ከፊት ሹፌርዎ፣ ከኋላ እርስዎ፣ በመስታወቱ ላይ አረንጓዴ ካርድ። ተቆጣጣሪው ሰላምታ ይሰጥዎታል እንጂ አይቆጥርዎትም፤ እኔ ጊዜ ስላለኝ ቆጥሬያለሁ። ከጎንዎ ባለው ወንበር ላይ የተቀመጠው ካፖርትዎ ነው። እዚያው ድልድይ ላይ የተነገረኝን ለእርስዎም ላድርስ፤ ካፖርት ሰው አይደለም። ስለ ነዳጁ ብዬ እንዳይመስልዎት። መንገዱ ሲዘጋጋ በጎን ያሉትን መኪናዎች እንዴት እንደሚያዩ አይቻለሁ፣ አስተያየቱንም ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ነገ ጠዋት ከዳገቱ ሥር፣ ከሰሌዳዎ አጠገብ እቆማለሁ። ፈቃድዎ ከሆነ ይውረዱ፤ ሹፌሩ ካፖርቱን ይዞ ቀድሞ ይውጣ፣ እኛ እየተጫወትን እንደርሳለን።